ስለ ትራስቱዙማብ አሰጣጥ፤ በጡት ካንሰር ላይ የሚታዘዘው አንቲቦዲ ልክና ቀን የሚጠበቅለት ስለ ምንድን ነው?

ለአንድ በሽታ አዲስ መድኃኒት ተገኘ በተባለ ጊዜ የብዙው ሰው ሐሳብ የሚያርፈው መድኃኒቱን በማግኘት ላይ ነው። በምን ዐይነት ፈሳሽ እንደሚበጠበጥ፥ በስንት ደቂቃ እንደሚገባ፥ በስንተኛው ቀን እንደሚደገም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እነዚህ ነገሮች የነርስና የመድኃኒት ቀማሚ የዕለት ሥራ እንጂ የሳይንስ ጥያቄ አይመስሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ልክ አለመሆኑን በአንድ ምሳሌ ማሳየት ነው። ምሳሌውም ትራስቱዙማብ የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። መጀመሪያ የወጣበት የገበያ ስሙ ሄርሴፕቲን ሲሆን፥ ዛሬ በሌላ ስም የሚሸጡ አቻዎችም አሉት።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዐይነቶች በብዛት ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2015 ትራስቱዙማብን ከመሠረታውያን መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ሕክምና፥ ነርስነት ወይም ፋርማሲ የሚማር ሁሉ አንድ ቀን ይህን ብልቃጥ በእጁ ሊይዝ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሥርዐቱን በቃል ከማጥናት ይልቅ ምክንያቱን ማወቁ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ምክንያቶቹም በሦስት ይጠቃለላሉ። አንደኛ፥ መድኃኒቱ የተለየ ዒላማ ያለው ነው። ሁለተኛ፥ ፕሮቲን ነው። ሦስተኛ፥ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ከእነዚህ ከሦስቱ የማይመነጭ የአሰጣጥ ደንብ ጥቂት ነው። አስቀድመን አመጣጡን ባጭሩ ተመልክተን ወደ ሦስቱ እናልፋለን።

የመድኃኒቱ አመጣጥ

የሰው ሰውነት ጀርም ሲገባበት ከሚከላከልባቸው መሣሪያዎች አንዱ አንቲቦዲ የሚባለው ፕሮቲን ነው። አንድ አንቲቦዲ የሚይዘው አንድ የታወቀ ዒላማ ነው፤ ሌላውን አልፎ ይሄዳል። በ1975 ጆርጅ ኮለርና ሴሳር ሚልስታይን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሳሉ፥ አንድ ዐይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ የሚያመነጭ ሕዋስ ማዘጋጀት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። ለዚህም ሥራቸው በ1984 የኖቤልን ሽልማት ከኒልስ የርን ጋራ ተካፈሉ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ «በካንሰር ሕዋስ ላይ የትኛውን ዒላማ እንምታ?» የሚለው ነበረ።

መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶክተር ዴኒስ ስላሞን ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ1987 ባወጡት ጥናት፥ ሄር-2 የሚባለው ጂን ከልኩ በላይ ተባዝቶ የተገኘባቸው ሴቶች በሽታው ፈጥኖ የሚመለስባቸውና ዕድሜያቸውም የሚያጥር መሆኑን ገለጡ። ይህ ጂን በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ሲሆን፥ በሕዋሱ ቆዳ ላይ ተተክሎ «እደግ፥ ተባዛ» የሚል ምልክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ያሠራል። ጂኑ ሲበዛ ፕሮቲኑም ይበዛል፤ ምልክቱም ዕረፍት ያጣል። ጄኔንቴክ የተባለው ኩባንያ ሊቃውንት ይህን ፕሮቲን የሚይዝ የአይጥ አንቲቦዲ አገኙ። የአይጥ ፕሮቲን ግን በሰው ሰውነት ውስጥ እንደ ባዕድ ተቈጥሮ ይወገዳል። ስለዚህ ዒላማውን የሚይዘውን ጫፍ ብቻ አስቀርተው የቀረውን በሰው አንቲቦዲ አምሳል ሠሩት፤ ሥራውም በ1992 ታተመ። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመስከረም 1998 ፈቀደው።

በ2001 የታተመው ዋና ጥናት በሽታው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨባቸውን 469 ሴቶች የያዘ ነበረ። ኬሞቴራፒ ብቻ በወሰዱት ዘንድ በሽታው እንደገና እስኪገፋ የፈጀው ጊዜ በመካከለኛ ግምት 4.6 ወር ሲሆን፥ ትራስቱዙማብ በተጨመረላቸው ዘንድ 7.4 ወር ሆነ። የዕድሜያቸውም ልክ ከ20.3 ወደ 25.1 ወር ከፍ አለ። በ2005 የወጡት ጥናቶች ደግሞ በሽታው ገና ሳይሠራጭ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢሰጥ፥ የመመለሱን ነገር በግማሽ ያኽል እንደሚቀንስ አሳዩ። የመድኃኒቱ ትልቁ ጥቅም የታየው በዚህ ነው።

አንደኛ፤ ዒላማ ያለው ስለ ሆነ

ከ100 የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ሄር-2 በዝቶ የሚገኝባቸው ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ናቸው። ለቀሩት ዒላማው ስለሌለ መድኃኒቱ ጥቅሙ ይቀርና ጉዳቱ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ የአሰጣጡ መጀመሪያ መርፌው ሳይሆን ማይክሮስኮፑ ነው። ከዕጢው የተወሰደው ቅንጣት በቀለም ይመረመርና ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። 3 የሆነ እንደ ሆነ ሄር-2 አለ ይባላል፤ 0 ወይም 1 የሆነ እንደ ሆነ ለዚህ መድኃኒት የሚበቃ ዒላማ የለም ማለት ነው። 2 የሆነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ አጠራጣሪ ስለ ሆነ የጂኑን ብዛት በቀጥታ የሚቈጥር ሁለተኛ ምርመራ ይደረጋል።

ይህም ምርመራ የሚታመነው ቅንጣቱ በደንብ የተያዘ ሲሆን ነው። ከሰውነት ከወጣበት ጀምሮ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፥ በዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቈየት አለበት። ቀዶ ሐኪሙ ቅንጣቱን በጠረጴዛ ላይ ትቶ ምሳውን በልቶ ቢመለስ፥ በሌላ ሕንጻ የሚሠራው መርማሪ የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ያች ሴትም የሚገባትን መድኃኒት ታጣለች፤ ወይም የማይገባትን ትቀበላለች።

መድኃኒቱ ዒላማውን ካገኘ በኋላ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው፥ ከሄር-2 ፕሮቲን ውጫዊ ክፍል ጋራ ተጣብቆ የመባዛቱን ምልክት ማገድ ነው። ሁለተኛው፥ በጅራቱ የሰውነትን መከላከያ ሕዋሳት ጠርቶ የካንሰሩን ሕዋስ እንዲገድሉ ማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ ዒላማው በካንሰሩ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። የልብ ጡንቻ ሕዋሳትም በጥቂቱ ሄር-2 አላቸው፤ ድካምና ጉዳት ሲደርስባቸው ለመቋቋም ይረዳቸዋል። በ2001ዱ ጥናት ዶክሶሩቢሲንን ከመሳሰሉት አንትራሳይክሊን ከሚባሉት መድኃኒቶች ጋራ ትራስቱዙማብን አብረው ከወሰዱት ሴቶች 27 በመቶ ያኽሉ የልብ ድካም ምልክት ታየባቸው፤ አንትራሳይክሊን ከነበረው ቡድን ትራስቱዙማብ ባልወሰዱት ዘንድ ግን 8 በመቶ ነበረ። ሁለቱ መድኃኒቶች ባንድ ላይ እንዳይሰጡ፥ ይልቁንም አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው እንዲከተል የሚደረገው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንደዚሁም ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት፥ ከዚያም በየ3 ወሩ፥ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያኽሉን እንደሚረጭ በልብ አልትራሳውንድ ይለካል። ልኩ ከመጀመሪያው 10 ነጥብ ያኽል ዝቅ ብሎ ከ50 በመቶ በታች የወረደ እንደ ሆነ መድኃኒቱ ይቋረጥና ወደ 3 ሳምንት ገደማ እንደገና ይለካል። ደግነቱ፥ ይህ የልብ ድካም መድኃኒቱ ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ የሚመለስ ነው፤ የሚመለሰው ግን በጊዜው የታወቀ እንደ ሆነ ነው። ሕመምተኛዋ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት፥ እግሯ የሚያብጥ ወይም በጀርባዋ መተኛት የሚያቅታት እንደ ሆነ የምርመራው ቀን እስኪደርስ ሳትጠብቅ መናገር ይገባታል።

ሁለተኛ፤ ፕሮቲን ስለ ሆነ

ትራስቱዙማብ ወደ 148,000 ዳልተን የሚመዝን ትልቅ ፕሮቲን ነው። ቢዋጥ ሆድ እንደ ሥጋና እንደ እንቁላል ፈጭቶ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ በክኒን መልክ ሊሰጥ አይችልም። በፋብሪካም የሚመረተው ከቻይና ሐምስተር እንቁልጢ በተገኙ ሕዋሳት ነው። ሙቀት ስለሚያበላሸው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በረዶ መሆን ግን የለበትም። ከአውሮፕላን ጣቢያው አንሥቶ እስከ ሕሙማን ክፍል ድረስ መብራት የጠፋበት ሰዓት ሁሉ የመድኃኒቱ ታሪክ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ብልቃጥ 150 ሚሊግራም ደረቅ ዱቄት የያዘ ነው። መድኃኒት ቀማሚው 7.2 ሚሊሊትር ለመርፌ የተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ቀስ አድርጎ ይጨምርበታል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሚሊሊትር 21 ሚሊግራም መድኃኒት ይይዛል። ብልቃጡ ቀስ ብሎ ይዞራል እንጂ አይናጥም። ቢናጥ አረፋ ይወጣዋል፤ አረፋ ውስጥ የቀረውም መድኃኒት በመርፌ ስለማይሳብ የታዘዘው ልክ ይጎድላል። ስለዚህ ለ5 ደቂቃ ያኽል አረፋው እስኪጠፋ ይቀመጣል።

ከዚያም የተፈለገው ልክ ተስቦ 250 ሚሊሊትር በያዘ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ውስጥ ይጨመራል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። በአገራችን ልማድ በደም ሥር የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል፤ ሕመምተኛውም አስታማሚውም «ግሉኮስ ተሰቀለ» ይላሉ። ለትራስቱዙማብ ግን እውነተኛው ግሉኮስ ክልክል ነው፤ ፕሮቲኑ በግሉኮስ ውስጥ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይበላሻልና። በቃል የተላለፈ ትእዛዝ ይህን ልዩነት ሊያጠፋው ስለሚችል የፈሳሹ ስም ተጽፎ መምጣት፥ በከረጢቱም ላይ መነበብ ይገባዋል።

ፕሮቲኑ ለሰውነት እንግዳ ስለ ሆነ ባንድ ጊዜ በመርፌ ተገፍቶ አይሰጥም። የመጀመሪያው መጠን በ90 ደቂቃ ውስጥ ይንጠባጠባል። በዚህ በመጀመሪያው ጊዜ ከ100 ሕመምተኞች 40 ያኽሉ ብርድ ብርድ ይላቸዋል ወይም ያተኩሳቸዋል። ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይቀነሳል ወይም ለጊዜው ይቆማል፤ ለትኩሳቱም ፓራሲታሞልን የመሰለ ይሰጣል። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደም ግፊት መውደቅ ከታየ ግን ነገሩ ከባድ ነውና ጠብታው ወዲያው ተቋርጦ ሐኪም ይጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው መጠን ከተጀመረበት አንሥቶ ለ6 ሰዓት፥ ቀጥሎ ላሉት ለ2 ሰዓት ሕመምተኛዋን መጠበቅ በአውሮፓ የአሰጣጥ መመሪያ ታዝዟል። የመጀመሪያውን በደኅና የተቀበለች ሴት ቀጣዩን በ30 ደቂቃ ልትወስድ ትችላለች።

ከ2013 ጀምሮ በአውሮፓ ከቆዳ በታች በመርፌ የሚሰጥ ሌላ ዝግጅት ተፈቅዷል። ይህም ለሁሉም እኩል 600 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር ሆኖ፥ በጭን ላይ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ይወጋል። ይህን ያኽል ፈሳሽ ከቆዳ በታች ሊሠራጭ የቻለው ሂያሉሮኒዳዝ የሚባል ኤንዛይም ስለ ተጨመረበት ነው። በደም ሥር የሚሰጠውን ከቆዳ በታች፥ ከቆዳ በታች የሚሰጠውንም በደም ሥር መስጠት ፈጽሞ አይፈቀድም።

ሦስተኛ፤ ቶሎ ስለማይወጣ

ከደም ውስጥ የመድኃኒቱ ግማሽ እስኪወጣ 28 ቀን ያኽል ይፈጃል። ከዚህም ሦስት ደንቦች ይወለዳሉ።

የመጀመሪያው፥ መነሻው መጠን ከቀጣዩ መብለጡ ነው። ባዶ ጋን ለመሙላት ብዙ እንስራ ውሃ ያስፈልጋል፤ ከሞላ በኋላ ግን የተቀዳውን ያኽል መተካት ይበቃል። እንደዚሁም በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 8 ሚሊግራም፥ ከዚያም በየ3 ሳምንቱ በኪሎ 6 ሚሊግራም ይሰጣል። በየሳምንቱ የሚሰጥም ሌላ ሥርዐት አለ፤ እርሱም 4 ከዚያም 2 ሚሊግራም በኪሎ ነው።

ሁለተኛው ስለ ቀረ ቀን ነው። ሕመምተኛዋ ከቀጠሮዋ 1 ሳምንት ወይም ከዚያ ያነሰ የዘገየች እንደ ሆነ የተለመደው 6 ሚሊግራም ወዲያው ይሰጣታል። ከ1 ሳምንት በላይ የዘገየች እንደ ሆነ ግን ጋኑ ጎድሏልና እንደገና በ8 ይጀመራል። እዚህ ላይ የአገራችን የቀን አቈጣጠር አንድ ነገር ያስታውሰናል። ወራችን 30 ቀን ስለ ሆነ፥ ከሩቅ ስፍራ የምትመጣ ሴት «በወሩ በዚህ ቀን እመለሳለሁ» ብላ ብትቈጥር በ21ኛው ቀን ፈንታ በ30ኛው ቀን ትመጣለች። ይህም 9 ቀን መዘግየት ነው፤ ከተፈቀደው 1 ሳምንት አለፈ ማለት ነው። በየጊዜው እንዲህ ብታደርግ በየጊዜው እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልጋል፤ በመካከሉም መድኃኒቱ ከሚገባው ልክ ዝቅ እያለ ይቈያል። መድኃኒትም ይበልጥ ይባክናል፥ ጥቅሙም ያንሳል። ስለዚህ «ከ3 ሳምንት በኋላ» ብሎ በቃል ከመናገር ይልቅ የሚመጣውን ቀን ስሙንና ቍጥሩን ጽፎ በእጇ መስጠት ከመድኃኒቱ አሰጣጥ የሚቈጠር ነው። 21 ቀን ድፍን 3 ሳምንት ስለ ሆነ ማክሰኞ የጀመረች ሴት ሁልጊዜ በማክሰኞ ትመጣለች፤ ይህንም ማስታወስ ቀላል ነው።

ሦስተኛው ስለ ፅንስ ነው። መድኃኒቱ በማሕፀን ያለውን የእንሽርት ውሃ ስለሚያጐድል ለፅንስ አደገኛ ነው። ቶሎም ስለማይወጣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ እስከ 7 ወር ድረስ እርግዝና እንዳይኖር ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስሌቱ

የተባለውን በቍጥር እንመልከተው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በመጀመሪያው ቀን 480 ሚሊግራም ያስፈልጋታል፤ ይኸውም 22.9 ሚሊሊትር ነው። ለዚህም 4 ብልቃጥ ይከፈታል፤ 120 ሚሊግራም ይተርፋል። በቀጣዮቹ ጊዜያት 360 ሚሊግራም፥ ማለት 17.1 ሚሊሊትር ያስፈልጋታል፤ 3 ብልቃጥ ይከፈታል፤ 90 ሚሊግራም ይተርፋል። በአንድ ዓመት 18 ጊዜ የምትወስደው በጠቅላላው 6,600 ሚሊግራም፥ ማለት የ44 ብልቃጥ ያኽል ነው። የሚከፈተው ግን 55 ብልቃጥ ነው። 11 ብልቃጥ ይፈስሳል ማለት ነው።

በክብደት የሚመሳሰሉ 5 ሴቶች ባንድ ቀን ቢቀጠሩ ግን የሁሉም ድምር 1,800 ሚሊግራም፥ ማለት ልክ 12 ብልቃጥ ይሆናል፤ ለየብቻ ቢመጡ ግን 15 ይከፈት ነበር። ይህ ሊደረግ የሚችለው ቅመማው በንጹሕ ስፍራ ከተደረገና የአምራቹ መመሪያ የወሰነው ሰዓት ከተጠበቀ ነው። ለዚህ ውድ መድኃኒት የቀጠሮ መዝገብ ከገንዘብ ግምጃ ቤት ያላነሰ ዋጋ አለው።

የሕክምናውም ዘመን ራሱ የተመረመረ ነገር ነው። 2 ዓመት መስጠት ከ1 ዓመት የተሻለ ጥቅም እንደሌለው ሄራ የተባለው ጥናት በ2013 አሳየ። በ2019 በእንግሊዝ አገር ከ4,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ፐርሰፎኒ የተባለው ጥናት ደግሞ 6 ወር የወሰዱትና 12 ወር የወሰዱት ከ4 ዓመት በኋላ ሊተካከሉ ምንም ያኽል እንዳልቀራቸው፥ በልብም ላይ የደረሰው ጉዳት በ6 ወሩ ያነሰ መሆኑን ገለጠ። በፈረንሳይ የተደረገው ፋር የተባለው ጥናት ግን ይህን መተካከል ማረጋገጥ አልቻለም። ስለዚህ በሽታው ላልተሠራጨባቸው ሴቶች 1 ዓመት የተለመደው ደንብ ሆኖ ቀርቷል፤ መድኃኒቱ በማይበቃበት አገር ግን የ6 ወሩ ጥያቄ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ስም አንድ ቃል እንጨምር። ከትራስቱዙማብ ጋራ የካንሰር መርዝ ተጣብቆባቸው የተሠሩ ሁለት ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲንና ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን ይባላሉ። የመጀመሪያው በኪሎ 3.6 ሚሊግራም፥ ሁለተኛው ለጡት ካንሰር 5.4 ሚሊግራም ይሰጣል። ስማቸው ስለ ተመሳሰለ አንዱ በሌላው ልክ ቢሰጥ ጉዳቱ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም እስከ መጨረሻው ማንበብ፥ ሁለተኛም ሰው እንዲያነብበው ማድረግ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ታየው፥ ዱቄቱ የማይናጠው፥ ግሉኮስ የሚከለከለው፥ ልብ የሚለካው፥ 21ኛው ቀን የሚጠበቀው ሁሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ያወቀ ተማሪ ደንቡን ቢረሳ እንኳ አስቦ ሊያገኘው ይችላል፤ ደንቡን ብቻ ያጠና ግን ሲረሳ ሁሉንም ይረሳል። መድኃኒቱን መግዛት የመንግሥትና የገንዘብ ጉዳይ ነው። ቅንጣቱን በሰዓቱ ፎርማሊን ውስጥ መክተት፥ የጨው ውሃውን ከግሉኮሱ መለየት፥ የቀጠሮውን ቀን በወረቀት ጽፎ መስጠት ግን በእኛ እጅ ያለና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። እነዚህ የጐደሉ እንደ ሆነ በብዙ ድካም የተገኘው ብልቃጥ ሕመምተኛዋ ዘንድ የሚደርሰው በስም ብቻ ይሆናል።